መርዶ ይዘን ሽርሽር

ግንቦት 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሃቫና ጎዳና ላይ ቆም ብዬ ሽንኩርትና ሩዝ ገዛሁ። ፓርኪንግ አልነበረም፤ ዞርኩ፣ ዞርኩ። ቤት ስደርስ ልጄ ሔርሜላ ከአዳር ሥራ ተመልሳ ተኝታለች። ሩዙን ጣድኩ። ልብስ ማጠቢያውን አስነሳሁ። ደህና ቀን ነበር… ፀሐይ ነበር።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

ካልሲ እያጣጠፍኩ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። እሑድ በዚህ ሰዓት የማጣጥፈው ካልሲ አጥቼ አላውቅም። ከበሩ ጀርባ መጀመሪያ ያቺ ትንሽ ሳል መጣች፣ ጉሮሮዋን የምትጠርግባት። ቀጥሎ «እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ የኔ እመቤት? እግርሽስ ተሻለሽ?»

ፀዳል።

ሚስቴ ካረፈች ዓመት አልፏል። ተዝካሯም ወጥቷል፣ ሙት ዓመቷም ተደርጓል። እሑድ እሑድ ግን ከልጄ ክፍል ትናገራለች። ሳቋ አለ። ወሬ ስትጨርስ የምትላት «እንግዲህ እሱ ያውቃል» አለች። የሚናገረው የልጄ አፍ መሆኑን አውቃለሁ። ማወቄ ምን ጠቀመኝ? ግድግዳውን ተደግፌ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ለኔ የተነገረ ይመስል።

ይህን ነገር ለራሴ እንኳ በሥርዓቱ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው። እትዬ አረጋሽ የፀዳል ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት ፀዳልን አዝለው ያሳደጉ። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የሚባል ከተማ ይኖራሉ። ፀዳል ያረፈች ሳምንት እሳቸው ልባቸውን ኦፕሬሽን ሆነው ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው አለ። ጎረቤታቸው ከበቡሽ ደወለች፤ «ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ እንዳትነግሯቸው።» ሸሸግን። መርዶ ጊዜው እስኪደርስ ይሸሸጋል፣ ያለ ነው። አንድ እሑድ ሔርሜላ የእናቷን ስልክ አንስታ ሄሎ ስትል፣ እትዬ «ፀዳልዬ! ድምፅሽን ሰማሁ፣ ተመስገን!» ብለው አለቀሱ። ልጅቷ አይደለሁም ማለት አቃታት። ዓይናቸው ደካማ ነው፣ መልክ የሚያሳየውን ስልክ አይጠቀሙም። በዚያው ቀረ።

ሔርሜላ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ሐኪሙ አሁን መንገር ይቻላል ብሏል እኮ። ከገና ጀምሮ! ከበቡሽ ነገረችህ አይደል?»

«ጴራቅሊጦስ ይለፍ።»

«መጀመሪያ ጾሙ ይለፍ አልክ። ከዚያ ፋሲካ። አሁን ደሞ ጴራቅሊጦስ።»

«በበዓለ ሃምሳ መርዶ አይነገርም።»

«ማነው ያለው? ላይክ፣ ሪሊ፣ ማነው ያለው?»

ሩዙ አረረ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ቄሱን ጠየቅኩ። «ልጄ፣ በሃምሳው የሚቀረው ስግደት ነው እንጂ እውነት መናገር አይደለም» አሉኝ።

ሌላ ቄስ ልጠይቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እፈር፣ ተክለሚካኤል።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ሔርሜላ ቲኬት ቆርጣ መጣች። የሁለታችንንም። ሳትጠይቀኝ።

«እንግሊዝ አገር። መኪና ተከራይተን ገጠሩን እናያለን። አሮጌ ቤት፣ በግ፣ ካስል። አንተ ቬኬሽን የሚባል ነገር ወስደህ ታውቃለህ?»

«ሊድስስ?»

«መጨረሻ ላይ። ማክሰኞ ጠዋት። ከበቡሽ ሰው ትሰበስባለች።»

ሽርሽርም፣ መርዶም። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ያውቃል? መርዶ ነጋሪ ይቸኩላል እንጂ ይጎበኛል እንዴ?

ከዚያ ደግሞ… ራቅ ብሎ እንግልውድ ያለው ሆስፒታል የቀን ሥራ ሰጥቷታል። አፓርትመንትም እዚያው አጠገቡ አይታለች። እሺ በይ ካሏት ሰንብቷል። «መልስ አልሰጠኋቸውም» አለች። «እማዬን ይዤ መሄድ አልችልም። እዚህም ትቻት መሄድ አልችልም።»

ይዤ አለች። ሰውነቷ ላይ እንዳለ ዕቃ። ጽዋዬን ይዤ ተነሳሁ፣ ባዶ ነበር።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ዴንቨር አየር ማረፊያ ስንት ዘመን የኪራይ መኪና ሻትል ነዳሁ። ሰው ከተርሚናል አነሳለሁ፣ መኪናው ያለበት አወርዳለሁ፣ ሻንጣ አወጣለሁ፣ መልካም ጉዞ እላለሁ። ጡረታ እስክወጣ። ዛሬ እኔው ሻንጣ ይዤ ተሰለፍኩ። ዊልቸር የምትገፋዋ ዮርዲ ከሩቅ አይታኝ ጮኸች።

«ጋሽ ተክሌ! ወዴት ነው?»

«እንግሊዝ።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ለሽርሽር።»

«አይ ጡረታ! አይ ኑሮ! ለኛም ሻይ ቅጠል ያምጡልን እንግዲህ!»

ሳቅኩላት። ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ጥቁር ኮት ነው።

ግንቦት 15፣ አርብ

ደረስን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አርብ ነው፤ ሃምሳው ውስጥ ስለሆንን ዕንቁላል በላሁ። የአሳማውን ሥጋ ወደ ዳር ገፋሁት።

መኪናዋ ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ ንጹሕ ናት። ቁልፉን ሲሰጡኝ እንደ ልማዴ በግራ በኩል ከፈትኩ። መሪ የለም። ሔርሜላ ሳቀች። ዞሬ በቀኝ ገባሁ። ቀበቶ ሳስር ገባኝ። ይህ የፀዳል ቦታ ነው። የእሷ መስኮት፣ የእሷ ክንድ ማሳረፊያ። ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ በቀኜ ነበር የምትቀመጠው። አሁን እኔ እሷ ወንበር ላይ ነኝ፣ የኔን ወንበር ደግሞ ሌላ ሰው ይዞታል። የሄድኩት እኔ ነኝ እንዴ?

በግራ መንዳቱን እጄ ቶሎ ለመደ። አደባባይ፣ ደግሞ አደባባይ፣ ደግሞ አደባባይ… አገሩ ቀጥ ያለ መገናኛ አያውቅም። ዓይኔ ግን አልለመደም። ፈረስ ሳይ፣ ድልድይ ሳይ፣ «እይው እስቲ» ለማለት ወደ ቀኝ እዞራለሁ። መስታወት ነው። የራሴን ፊት አገኛለሁ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ዝናብ። ቤቶቹ ማር በሚመስል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ ጣሪያው ሳይቀር ድንጋይ። መንገዱ አንድ መኪና ነው የሚያሳልፈው፤ ሌላ ከመጣ አንደኛው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እጅ ይነሳሳሉ። ማንም ጥሩምባ አይነፋም። አጥሩ ሁሉ ነጭ አበባ አብቧል።

ሔርሜላ ፎቶ ታነሳኛለች። «እዚያ ቁም አባዬ። ፈገግ በል። ኖ፣ ያ የፓስፖርት ነው። እንደ ሰው ፈገግ በል!»

በየመንደሩ መካከል ቤተክርስቲያን፣ በየቤተክርስቲያኑ ዙሪያ መቃብር። እዚህ ሰው ከሙታኑ ጋር ነው የሚውለው። አንዲት ሴት መቃብር መሃል ተቀምጣ ዳቦ ትበላ ነበር፣ ውሻዋ ድንጋዩን ተንተርሶ። ስም ያለው ድንጋይ አለ። ዝናብ ስሙን የበላው ድንጋይ አለ። ስሙ የጠፋውን ማን ብለው ይጠሩታል?

ሻይ ቤት ገባን። ሔርሜላ ሳትጠይቀኝ ስኳሬን ጨመረች፣ አማሰለች፣ ማንኪያውን በስኒው አፍ ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ አስቀመጠች።

የእናቷ አደራረግ ነው። ስልክ የለም፣ እትዬ የሉም… ማን አዘዛት? እጇን ለመያዝ ቃጣኝ። ሻዬን ጠጣሁ። ጣፈጠኝ። መጣፈጡ ነው ያስፈራኝ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ቅዳሴ የሌለበት እሑድ። ውዳሴ ማርያሜን ክፍሌ ውስጥ ደግሜ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመርን። ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ፣ ከካቡ ጀርባ በግ፣ በግ፣ በግ። ሔርሜላ ለካርታው ብላ ስልኳን ከመኪናው ጋር አገናኝታዋለች። የእናቷን ቁጥርም ወደ ራሷ ስልክ አዙራው ነበር። ስክሪኑ ላይ «እትዬ» የሚል ወጣ፤ ዛሬ ከወትሮው ቀድመው፣ አውሮራ ገና ጠዋት ሳለ።

«አታንሺው» አልኩ።

«ካላነሳሁ እስኪመሽ ነው የሚደውሉት። ይጨነቃሉ።»

ከመኪናው ልታላቅቀው ነካካች፣ አልሆነላትም። አነሳች። የእትዬ ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን ሞላን።

«ፀዳልዬ፣ ቅዳሴ ሄድሽልኝ?»

ሳሏ መጣች። «እየሄድን ነው እትዬ። ተክልዬ እየነዳ ነው።»

ተክልዬ… ከግድግዳ ጀርባ አይደለም። እዚሁ፣ ክንዴ አጠገብ።

«አየሩስ?»

«ፀሐይ ነው። ተራራው ላይ ብቻ በረዶ ይታያል።» መጥረጊያው ግራ ቀኝ ይላል፣ ዝናቡ ይወርዳል። እኔም ተራራውን አየሁት መሰለኝ።

መንደር ገባን። ደወል ይደወላል። «ደወል ነው የምሰማው?» አሉ እትዬ።

«አዎ፣ ደረስን።»

«እንግዲያስ ስሜን አንሺልኝ። እኔ ያንቺን አንድ እሑድ ረስቼ አላውቅም። ወለተ ማርያም እያልኩ ነው፣ ለጤናዋ፣ ለዕድሜዋ።»

ወለተ ማርያም የፀዳል የክርስትና ስሟ ነው። እኔ አውሮራ፣ በደብራችን፣ ይህንኑ ስም ከሙታን ጋር ነው የማስጠራው። አንድ ስም፣ በአንድ እሑድ፣ እዚህ ዕድሜ ስጣት፣ እዚያ ነፍሷን ማር። ወዴት ትሂድ? ለዚህ ይሆን እንዴ ከኮሪደሩ የማትለቀው?

«እንግዲህ እሱ ያውቃል» አለች ሔርሜላ። ስልኩ ተዘጋ። ከመንደር ወጣን። ጎማው ውሃ ላይ ይላል ሽሽሽ…

«ፀዱ፣ ውሃውን አቀብይኝ» አልኩ።

«እንካ ተክልዬ» አለች።

ጠርሙሱን ተቀበልኩ፣ ጠጣሁ፣ መለስኩላት። ክዳኑን ገጠመችው። ኮረብታውን ወጣን፣ ወረድን። እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ከቀበርኳት ወዲህ።

«አቁም» አለች።

«ምነው?»

«አቁመው! አሁን!»

በር ከፍታ ወረደች፣ ካቡን ይዛ አስመለሳት። በጎቹ ቀና ብለው አዩዋት። መሃረብ ይዤ ሄድኩ፣ እጄን ገፋችው።

«ማንም አልደወለም፣ አባዬ። ስልኩ ላይ ማንም የለም። ለማን ነው የመለስኩት?»

«አፌ ነው… አመለጠኝ።»

«የኔም አፍ ነው!» ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። «ሥራ ቦታ ሰው ሲያስቀኝ የእሷ ሳቅ ነው የሚመጣው። የኔ የትኛው እንደነበረ ረስቼዋለሁ። ላይክ፣ ሊትራሊ ረስቼዋለሁ። ቀብሯ ላይ አላለቀስኩም፣ ታውቃለህ? በሙት ዓመቷም። እንዴት ላልቅስላት? እሑድ ሲመጣ ቁጭ ብላ ትስቃለች።»

ጃኬቴን ራሷ ላይ ጣል አደረግኩላት። ያን አልገፋችም።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ስትነሳ ፊቷ አብጧል። «ጉድ ሞርኒንግ» ብቻ። መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች፤ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ። በግራዬ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። ደግ አደረገች።

ሊድስ የሚል ምልክት አየሁ። አደባባዩን ደግሜ ዞርኩ። ሦስተኛ ጊዜም ዞርኩ። የድሮ ሻትል ነጂ መውጫው ጠፋው ብላ ታስብ ይሆን? አይ፣ ልጄን አውቃታለሁ። ወደ መስኮቱ ነው የምታየው።

እዚህ አገር የሚጎበኝ ነገር ሲኖር ምልክቱ ቡናማ ነው። ቡናማ ባየሁ ቁጥር ታጠፍኩ። የውሃ ወፍጮ። የአንድ ጌታ አትክልት ቦታ። ካስል።

«አባዬ፣ ይሄኛው ዝግ ነው።»

«ከውጭ እንየዋ።»

«ከውጭ ግንብ ነው።»

«ግንቡን እንየዋ።»

በመጨረሻ ሸለቆ ውስጥ አንድ ጣሪያ የሌለው ገዳም ደረስን። በድሮ ዘመን ንጉሡ መነኮሳቱን አባሮ ጣሪያውን እንዳስፈረሰው ተጽፏል፤ ሔርሜላ ናት ያነበበችልኝ። ዓምዶቹ ቆመዋል። ቅስቶቹ ቆመዋል። መቅደሱ የነበረበት ላይ ሣር። ወፎች በመስኮቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

በሩ የነበረበት ጋ ስደርስ ጫማዬን አወለቅኩ። ሌላ ማድረግ አልቻልኩም። ሣሩ እርጥብ፣ ብርድ። ሰዎች ያዩኛል። አንዲት ጃንጥላ የያዘች አሮጊት ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ «እግርህን ይበርድሃል፣ ጌታዬ» አለችኝ።

«ቤተክርስቲያን ነው» አልኳት።

«ነበረ» አለች፣ በትሕትና። ጫማዬን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ከሣሩ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ቆመች። እግዚአብሔር ይስጣት።

መቅደሱ ፊት ቆሜ ለፀዳል ልጸልይ ስል ቃል ጠፋኝ። ማራት ልበል? ጠብቃት ልበል? አፌ ላይ ሁለቱም መጡ፣ ሁለቱም ተመለሱ። የነበረውን ነበረ ማለት ለምን እንዲህ ከበደኝ? ያቺ ሴት በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ያገደኝ ጾሙ ነው? ፋሲካው ነው? የእትዬ ልብ ነው? የእትዬ ልብ ከገና ጀምሮ ደህና ነው። እኔ ነኝ። መርዶው የተነገረ ቀን ኮሪደሩ ዝም ይላል። እሱን ፈርቼ ነው። ልጄን እንደ ነጠላ ለሚስቴ አለበስኳት… በቁሟ። ሕያው ልጄን። አቤቱ፣ ይህን እያየህ ዝም አልከኝ? ወይስ ትናንት ያስመለሳት ያንተ እጅ ነው?

ስመለስ ሔርሜላ ጫማዬን ይዛ ቆማለች።

«ካልሲህ ረጥቧል።»

«ይድረቅ። እንሂድ። ከእንግዲህ አልታጠፍም።»

ከኋላ ሳይሆን ከፊት ገባች። ቡናማ ምልክቶች አለፉን። አንዱ ላይ «አባዬ፣ ይሄ እንኳ ክፍት ነው» አለች። ቀልዷ መሆኑ ገባኝ፣ ዘግይቶ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ተነገረ።

ሊድስ ቤቶቹ ቀይ ጡብ ናቸው፣ ትከሻ ለትከሻ። ገና ሲነጋ ከበቡሽ ሰው ሰብስባ መንገዱ ዳር ቆማለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘዋል፤ እሳቸው ሊናገሩ ነበር የተስማማነው። አንድ ፈረንጅ ውሻ እያንሸራሸረ አየንና መንገዱን ተሻገረ። ሔርሜላ ከሰው ኋላ ሆነች፣ በነጠላ ተሸፍና።

ከበቡሽ ደወሉን ተጫነች። እትዬ አረጋሽ ከዘራቸውን ይዘው ከፈቱ። ምን ያህል አጥረዋል… በጥዋት ያን ሁሉ ሰው ደጃቸው ላይ ሲያዩ፣ ማን ናችሁ አላሉም።

«ማነው?» አሉ። ማነው የሞተው ማለታቸው ነው።

ቄሱ «እንግባ፣ እናቴ» ሲሉ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው በመጀመሪያ የነኩት እኔን ነበር። ፊቴን ዳሰሱ። ጢሜን።

«ተክለሚካኤል? አንተ? ከአሜሪካ?» ከዚያ እያሰቡ፣ ጮክ ብለው፦ «ፀዳል… ፀዳል ደህና ናት። እሑድ ነው ያዋራኋት። ደህና ናት። እንግዲያ…»

እንግዲያ ያሉት አሁንም ይሰማኛል።

«ሔርሜላ! ወይኔ፣ ሔርሜላን! ልጄን! እህቴ እንዴት ቻለችው? ልጇን ቀብራ እንዴት ነው እሑድ ስለ በረዶ የምታወራኝ!»

ደረታቸውን መቱ። ከዘራው ወደቀ። ሴቶቹ ግራ ገባቸው፤ ለቅሶ ሲሰሙ ጊዜ እነሱም አለቀሱ። ለሔርሜላ ያለቅሳሉ፣ ሔርሜላ መሃላቸው ቆማ። ቄሱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«አክስቴ፣ አለሁ! እኔ አለሁ!» አለች ልጄ ሰው እየገፋች። ከድንጋጤ ይሁን ከልማድ… ድምፁ የእናቷ ነበር። ከነሳሉ።

እትዬ ቀጥ አሉ። «ፀዳልዬ? መጣሽ? ነይ፣ ነይ የኔ ምስኪን፣ ልጅሽን ነጠቁሽ!» አቀፏት። አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ሔርሜላን ለሔርሜላ አለቀሱላት። ልጄ በአክስቷ ትከሻ ላይ ዓይኗን አፍጥጣ ወደ እኔ ታያለች። እንደሰመጠ ሰው።

ከበቡሽ አፏን ይዛለች። ነጋሪው እኔ ነኝ እንግዲህ።

«እትዬ» አልኩ። «የያዟት ሔርሜላ ናት። የሞተችው ፀዳል ናት።»

አረፈች ነበር የምለው። ሁልጊዜ አረፈች። ዛሬ የወጣው ሞተች ነው።

«መቼ?»

«ዓምና በመጋቢት።»

«እሑድ ያዋራኋትስ?»

«ይቺው ናት።»

ክንዳቸውን ፈቱ። ራቅ አድርገው ያዟት። በጣታቸው ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን ቀስ እያሉ ሄዱበት፣ እንደሚያነብ ሰው።

«ይሄ ግንባር የኛ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የተክለሚካኤል ነው።»

ያኔ ነው ሔርሜላ ያለቀሰችው። ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ መጨረሻው የሚሰበር። ፀዳል ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም፤ እንባዋ ብቻ ነበር የሚወርደው። ይሄ የማንም አይደለም፣ የልጄ ነው። ጎረቤት መስኮት ከፈተ። ታልቅስ። ቆሜ ሰማኋት።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ፣ ማርያም

ለቅሶ ቤት። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እትዬ ትናንት ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። መብታቸው ነው። እህታቸውን መቅበሩን፣ መዘከሩን ነጠቅናቸው።

ዛሬ ሔርሜላን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ዓመት ሙሉ የተጫወትኩት ካንቺ ጋር ነው?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ባሌ አኮረፈኝ፣ ሦስት ቀን ራት አልበላም አለ ያልሽኝስ?»

«ፈጥሬ ነው።»

«ውሸታም! ሲያኮርፍ እንደዚያ ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ።» ወደ እኔ ሳይዞሩ። «እስቲ አሁን እንዳንቺ አውሪኝ።»

«እ… ምን ልበልዎት… አይም ሶ ሶሪ፣ አክስቴ። እኔ፣ ላይክ…»

«ምንድነው የምትለው? ላይክ ማነው?»

ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከበቡሽን ሻይ ትን አላት። ሔርሜላም ሳቀች… የሚያንኮራፋ ሳቅ ነው። ሕፃን ሆና እንደዚያ ትስቅ ነበር። እኔም ረስቼው ነበር ለካ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «የደበቅኸኝ ለልቤ ብለህ ነው?»

«መጀመሪያ ለልብዎት ነበር። በኋላ ለራሴ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ጤናዋን ስለምንላት የከረምኩት…» አሉና ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባቴ፣ ያ ጸሎት የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል እናቴ? ከእሷው ጋር ነው» አሉ ቄሱ። ተነስተው ጸሎተ ሙታን አደረሱ፣ ወለተ ማርያም ብለው። እትዬ አሜን ለማለት ዘገዩ። ሁላችንም ጠበቅናቸው። አሉት።

ሰኔ 1፣ እሑድ፣ ጴራቅሊጦስ

ሔርሜላን ትናንት እንግልውድ አስገባኋት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ተክል። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ወገቤ አለቀ። በሩ ላይ ስንሰነባበት «ሮብ እራት እኔ ጋ» አለች።

«ሮብ እኮ የሐዋርያት ጾም ይሆናል።»

«ሶ ዋት አባዬ፣ ነርስ ሆኜ ሽሮ መሥራት ያቅተኛል እንዴ?»

ሳቀች፣ እያንኮራፋች። ሳቋ እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ እንደተውኩት ነበር። ቁልፌን ያስቀመጥኩበት ቁልፌ፣ ጽዋዬን ያስቀመጥኩበት ጽዋዬ። ኮሪደሩን አልፌ ሄድኩ። ሰዓቱ ደረሰ። ስልክ ጮኸ። የኔው ስልክ።

«ተክለሚካኤል?»

«አቤት፣ እትዬ።»

ለካ እኔና እትዬ ተነጋግረን አናውቅም። «እንዴት ነዎት፣ ፀዳልን ላቅርብልዎት» ነበር የኛ ነገር፣ ከድሮም።

«ብቻህን ነህ?» አሉ።

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያ ንገረኝ። እንዴት ሞተች? ምን ለብሳ ነበር? ምን በላች? ከመጀመሪያው ጀምር፣ አትዝለል።»

ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎ ነው ያለፈው። ሔርሜላ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ሥራ ላይ ነበረች ያን ቀን። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ነበር፣ አልኳቸው። ፀጉሯን ታጥባ በቢጫ ፎጣ ጠቅልላዋለች። የአልጋ ልብስ እየቀየርን ነበር፣ እኔ በዚያ በኩል፣ እሷ በዚህ በኩል። ጫፉን ስጥላት አልያዘችውም። ቁጭ አለች፣ አልጋው ላይ። «ተክልዬ» አለችኝ፣ «መስኮቱን ክፈተው፣ አየር አጠረኝ።»

ይህን ስናገር ልክ እሷ እንዳለችው ለማለት ሞከርኩ። ድምፄ ወፍራም ነው፣ አይሆንም። እሷን አልመሰለም። ጭራሽ አልመሰለም።

እትዬ ያለቅሳሉ፣ ይሰማኛል። «አዎ» አሉ። «እንደዚያ ነው የምትለው። ከዚያስ? ከፈትክላት?»

ከፈትኩላት፣ አልኳቸው።

«ከዚያስ?»

ቀጠልኩ።